የክሪስታሎ ልብ፣ የእኔ አፍ

በመንደራችን ሠላሳ አንድ ጥንዶችን ያገናኘሁት እኔ ነኝ። አርጊሮ ይሉኛል። ከኋላዬ ሌላም ይሉኛል፣ እሱን ተዉት። በእኛ ዘንድ አገናኝ ማለት ቃሏ የሚታመን ሴት ማለት ናት። ልጅቷን አይታ፣ ዘሯን ቆጥራ፣ በወንዱ እናት ፊት "ጤነኛ ናት፣ እኔ አለሁ" ብላ አፏን ሞልታ የምትናገር። ከሠላሳ አንዱ ጋብቻ በሠላሳው አልዋሸሁም፤ ትንሽ ትንሽ አሳመርኩ እንጂ። በአንደኛው ግን ዋሸሁ። ከእሱ በኋላ ሠላሳ ሁለተኛ የሚባል የለም። ሲጠሩኝም ጉልበቴን አሞኛል እያልኩ ቀረሁ።

ልጅቷ ክሪስታሎ ትባላለች። የአክስቴ ልጅ የላምብሪኒ የመጀመሪያ ልጅ ናት። ቀጭን፣ ዓይኖቿ ትልልቅ፣ ስትስቅ በመሃረቧ ጫፍ አፏን የምትሸፍን። እንዝርት ከእጇ አይጠፋም ነበር። የፈተለችው ሱፍ አንድም ቋጠሮ ስለሌለው ሸማኔዎቹ ይሻሙባታል። መንደሩ የሚያውቃት ግን በሌላ ነው። ዳገት ስትወጣ መሃል ላይ ትቆማለች። ቆም ትልና ተራራውን ታያለች። ወይም ጎንበስ ብላ የጫማዋን ክር ታስራለች። ወይም የቤተ ክርስቲያኑን ግንብ ተደግፋ ካገኘችው ዶሮ ጋር ታወራለች።

"ዛሬስ ተራራው ምን አለሽ?" ይሏታል ሴቶቹ እንጨታቸውን ተሸክመው ሲያልፏት።

"ትናንት ያለኝን" ትላቸዋለች። "ሽማግሌ አይደል፣ ይደጋግማል።"

እነሱም እየሳቁ ያልፋሉ። ሐሳቧ ሰማይ ቤት ነው፣ ሕልመኛ ናት ይሏት ነበር። የምን ሕልም አመጣችሁ። ልጅቷ ትንፋሽ አጥሯት ነው የምትቆመው።

አሥራ አንድ ዓመቷ ላይ ጉሮሮዋን ታመመች። ጉሮሮዋ ዳነ ሲባል ጉልበቷ አበጠ፣ ከጉልበቷ ወደ ክርኗ፣ ከክርኗ ወደ ቁርጭምጭሚቷ ዞረ። ያኒና ከተማ ሆስፒታል ሁለት ወር ተኛች። ስትወጣ ሐኪሙ ላምብሪኒን ለብቻዋ ጠርቶ ነገራት። የቁርጥማት ትኩሳቱ መገጣጠሚያዋን ለቀቀ፣ ልቧን ግን አልለቀቀም። ልብ ደም የሚያሳልፉና የሚያግዱ ክዳኖች አሉት፤ ከእነሱ አንዱ ተጨማዶ በደንብ አይገጥምም። ትኖራለች፣ ታገባለች፣ ትሠራለች። "አንድ ነገር ብቻ አደራ" አላት። "ዕድሜዋን ሙሉ ጥርስ ከመነቀሏ በፊት ፔኒሲሊን ትውሰድ። አፍ ውስጥ ያለው ተህዋስ በቁስሉ ገብቶ፣ በደም ሄዶ፣ እዚያ የተጎዳው ክዳን ላይ ይሰፍራል። ከሰፈረ ነቅሎ ማውጣቱ ከባድ ነው። ለሚያያት ሐኪም ሁሉ ይሄን ንገሪ።"

ላምብሪኒ ለሐኪም ሁሉ ልትናገር? ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ለእኔ ብቻ ነገረችኝ፣ እሱንም ጓዳ ገብታ በሩን ዘግታ። በእኛ መንደር ልቧ የታመመ ልጅ ባል አታገኝም። እሷ ብቻ ብትቀር ደግ፤ "ዘራቸው ነው" ይባልና ታናናሾቿም አብረዋት ይቀራሉ። ስለዚህ ክሪስታሎ በአሥራ ሁለት ዓመቷ ዳገት መሃል የጫማ ክር ማሰር ተማረች።

ሃያ ሁለት ሲሞላት ስቴርጊዮስ ፈለጋት። በግ አርቢ ነው፤ ትከሻው ሰፊ፣ ወሬው አጭር። ለነሐሴው የእመቤታችን በዓል ሲጨፈር አይቷት ኖሮ እናቱን "እሷን ካልሆነ ተዉኝ" አላት። እናቱ እመት አግላያ ናት። ባሏ የሞተባት፣ ጥቁር ለባሽ፣ ከአፏ ቃል የምታወጣው እየቆጠበች። እኔንማ አፈኛ ስለሆንኩ ብዙም አትወደኝም ነበር።

"በዓይኔ ልያት" አለችኝ።

በእኛ ዘንድ ምራት የምትታየው ውሃ ስትቀዳ ነው። የልጁ እናት ከላይ ትቀመጣለች፤ ልጅቷ ከታችኛው ምንጭ የእንጨት በርሜሏን ሞልታ፣ በጀርባዋ አዝላ ዳገቱን ትወጣለች። ወገቧ፣ እግሯ፣ ትንፋሿ ያን ጊዜ ይለያል። እንግዲህ ላምብሪኒና እኔ የሠራነውን ስሙ። ላምብሪኒ በርሜሉን እስከ ግማሽ ብቻ ሞላችው። እኔ አግላያን ጀርባዋ ወደ ዳገቱ እንዲሆን አድርጌ አስቀመጥኳትና ወሬዬን ለቀቅኩባት። የዶሮዎቼ በሽታ፣ የቄሱ ሚስት አዲስ ጫማ፣ መንገድ ሠሪዎቹ የሰበሩት አጥር፣ ያልነካሁት የለም። ልጅቷ ከግንቡ ኋላ ሦስት ጊዜ አርፋ ስትደርስ ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኗል።

"በርዷታል" አልኩ ቀድሜ። "ምንጩ ዛሬ በረዶ ነው።"

አግላያ ልጅቷን አየቻት፣ በጣሳ ቀድታ ውሃውን ቀመሰች። "ጥሩ ውሃ ነው" አለች።

"ይቺ ልጅ ሁለታችንንም ቀብራ ነው የምትቀረው" አልኳት። ዓይኔን በጨው ታጥቤ።

ተጋቡ። አራት ዓመት ኖሩ። ስቴርጊዮስ በጎቹን ይዞ ከጥቅምቱ ቅዱስ ዲሜጥሮስ እስከ ሚያዝያው ቅዱስ ጊዮርጊስ ፕሬቬዛ ቆላ ይወርዳል፤ በጋውን ብቻ ነው እቤቱ የሚሆነው። ልጅ አልመጣም። ሰው ያማቸው ጀመር። አማትና ምራት ግን ተስማምተው ነበር፤ አንዷ ዝም ትላለች፣ ሌላዋ ትቀልዳለች። ከመጀመሪያው ክረምት በኋላ ደግሞ ውሃ የምትቀዳው አግላያ ራሷ ሆነች። "አንቺ ፍተዪ፣ እኔ ልሂድ" ትላታለች። ሴቶቹ "ምራቷን ንግሥት አደረገቻት" ብለው አሟት። እኔ እንኳ ፈትሏን ስለምትወድላት መስሎኝ ነበር።

በሦስተኛው ዓመት ላምብሪኒ ሞተች። ልትሞት ስትል እጄን ይዛ "አርጊሮ፣ ጥርሷን አደራ" አለችኝ። የከበቧት ሴቶች ትቃዣለች ብለው ከንፈራቸውን መጠጡ። እኔ ብቻ ነኝ የገባኝ። "በእኔ ይሁን፣ አታስቢ" አልኳት። አደራውን አፌን ሞልቼ ነው የተቀበልኩት፣ እንደ ልማዴ።

በዓመቱ ኅዳር ላይ የክሪስታሎ መንጋጋ አበጠ። ሦስት ቀን በቅርንፉድና ጺፑሮ በሚባለው አረቄ አባበለችው። በአራተኛው ቀን አግላያ "ነገ በጠዋቱ አውቶቡስ ወርደን እናስነቅልሻለን" አለች።

"እኔም እመጣለሁ" አልኩ። "እኔም የጥርስ ጣጣ አለብኝ።"

ጣጣ የለብኝም፤ አፌ ውስጥ የቀሩት አምስት ጥርሶች ሰላም ናቸው። የሄድኩት የጥርስ ሐኪሙን ለብቻው አግኝቼ ልነግረው ነው። አውቶቡሱ ውስጥ ክሪስታሎ አጠገቤ ተቀመጠች። አግላያ ከፊታችን ናት።

"አክስቴ" አለችኝ በጆሮዬ። "ታስታውሻለሽ አይደል?"

"አስታውሳለሁ። ለብቻው እነግረዋለሁ። አንቺ ዝም በይ።"

ደረስን። ክፍሉ አንድ ነው። አንድ ወንበር፣ አንድ አግዳሚ፣ መጋረጃ እንኳ የለውም። ሐኪሙ ከደጅ ተራ የሚጠብቅ ሰው ስላለበት ይቸኩላል። ክሪስታሎን ወንበሩ ላይ አስቀመጣት፣ እኔና አግላያ አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ሆንን። እንዴት ብዬ ለብቻው ላግኘው? ልነሳ እልና እመለሳለሁ። ምን ብዬ ነው ከአግላያ ፊት አንስቼ ደጅ የምወስደው?

"ከዚህ በፊት የልብ ሕመም፣ የቁርጥማት ትኩሳት ነበረብሽ?" አላት እጁን እየታጠበ።

ክሪስታሎ እኔን አየችኝ። እኔ አግላያን አየሁ። አግላያ የቦርሳዋን መዝጊያ ትነካካለች።

"የለብኝም" አለች ክሪስታሎ።

እሱም ወደ እኛ ዞሮ "ጤነኛ ናት እንግዲህ?" አለ፣ እንዲያው ለነገሩ ያህል።

"እንደ ብረት ናት፤ እኔ አለሁላት" አልኩ።

የምትሰሙኝ ከሆነ ይሄን ስሙልኝ። ልል ያሰብኩት ሌላ ነበር። አፌ ግን ሠላሳ አንድ ጊዜ ለምዶታል፤ አማት አጠገቤ ተቀምጣ "ጤነኛ ናት?" የተባለ ጊዜ ቀድሞኝ ወጣ። እሱም መንቀያውን አነሳ። ክሪስታሎ ዓይኗን ጨፈነች። እኔ የጣሪያውን ጣውላ ቆጠርኩ።

ስንመለስ በመሃረቧ ጉንጯን ይዛ "አሁን ምን ይመጣል?" አለችኝ ቀስ ብላ።

"ምንም አይመጣም። ያ ሐኪም ያለው ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት ነው። እነሱ ማስፈራራት ይወዳሉ።"

አመነችኝ። እስከ ዛሬ አንጀቴን የሚበላኝ ማመኗ ነው።

በሦስተኛው ሳምንት ትኩሳቱ ጀመራት። ቀን ደህና ትሆናለች፣ ወደ ማታ ትግላለች፣ ጠዋት ልብሷ በላብ ርሶ ይገኛል። ምግብ አስጠላት። ቀሚሷ ሰፋት። አግላያ መጀመሪያ የሰው ዓይን ነው ብላ ቄሱን አስጠራች። ከዚያ የወረዳውን ሐኪም አመጣችላት። በእኛ አገር ትኩሳት ከረዘመ ጥፋተኛዋ ፍየል ናት፤ ሐኪሙም ገና ከበር "ያልተፈላ ወተት ጠጥታለች" አለ። የፍየል ትኩሳት ክኒን አዘዘ። ሆኖም ማዳመጫውን ደረቷ ላይ አድርጎ ቆየ።

"እዚህ ጋ አንድ ድምፅ አለ" አለ። "ደም ማነስም እንዲህ ያሰማል። ልጅ ሳለሽ መገጣጠሚያሽን አሞሽ ያውቃል?"

"የለም" አለች።

እኔ እግሯ ሥር ቆሜያለሁ፣ የሾርባ ድስት ይዤ። አግላያ ክፍል ውስጥ አልነበረችም፤ ጓሮ እንጨት ትፈልጣለች፣ የመጥረቢያዋ ድምፅ ይሰማል። መናገር እችል ነበር። በሹክሹክታ ሁለት ቃል ይበቃ ነበር። ለምን ዝም አልሽ ብትሉኝ፣ አሁን ብናገር "ጥርሷ ሲነቀልስ የት ነበርሽ?" ይሉኛል ብዬ ነው። ይኸው ነው። ከዚህ የተሻለ ምክንያት ብፈልግ ብፈልግ አጣሁ።

ክኒኑ ትኩሳቱን ለአሥር ቀን ዝቅ አደረገው። እኔ ደስታዬ ወሰን አጣ፣ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ሻማ አበራሁ፣ ለራሴም "አየሽ፣ ፍየል ናት" አልኩ። ከገና በኋላ ግን ተመልሶ መጣ። አንድ ቀን ስትፈትል ጥፍሮቿን አየሁ። ከሥራቸው ቀጫጭን ጥቁር መስመር አለ፣ ስንጥር የገባ ይመስላል።

"ምንድነው ይሄ?" አልኳት።

"የእንዝርቱ ስንጥር ይሆናላ" አለች። "ደግሞ አንቺ፣ ጥፍሬን ለማን ልትድሪው ነው የምታዪው?"

ሳቅን። ያኔም ሳቅን።

በጥር መጨረሻ፣ ሰኞ ረፋድ ላይ፣ እንዝርቱ ከግራ እጇ ወደቀ። ልታነሳው ብትል እጇ አልታዘዝ አላት። "እማማ" ብላ ስትጣራ አፏ ወደ አንድ ጎን ሄደ። አግላያ ጮኸች፣ እኔ ከጎረቤት ሮጥኩ። አይብ ወደ ከተማ የሚወስደውን መኪና ለምነን፣ በአይቦቹ መሃል ፍራሽ አንጥፈን፣ ያኒና አደረስናት።

የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ብዙ ጠበቅን። መነጽር ያደረገ ወጣት ሐኪም ወጣ።

"ቶሎ ንገሩኝ" አለ። "በልጅነቷ የቁርጥማት ትኩሳት ይዟት ያውቃል? በቅርቡስ ጥርስ ተነቅላለች?"

"አዎ" አልኩ።

"የቱ ነው አዎ?"

"ሁለቱም። አሥራ አንድ ዓመቷ ላይ እዚሁ ተኝታለች። ጥርሷን ኅዳር ላይ ተነቀለች። ክኒን መውሰድ ነበረባት፣ አልወሰደችም።" አንዴ ከተከፈተ አፌ አልዘጋ አለ። የምንጩን፣ የግማሽ በርሜሉን፣ የላምብሪኒን አደራ፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት። አግላያ አጠገቤ ቆማለች፤ ፊቷን ላይ አልደፈርኩም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሐኪሙ ጽፎ ሲጨርስ ብዕሩን ኪሱ ከተተ። "ተህዋሱ የልቧ ክዳን ላይ ሰፍሯል" አለ። "እዚያ እየተከማቸ፣ ክዳኑንም እየበላው ነው። ከእሱ የተቆረሰ ነገር በደም ሄዶ ጭንቅላቷን መታት። ፔኒሲሊን በደም ሥሯ እንጀምራለን። ከሁለት ወር በፊት ቢሆን ኖሮ..." ብሎ ተወው። "ይሄን ማን ማን ያውቅ ነበር?"

"እኔ ብቻ" አልኩ።

"እኔም" አለች አግላያ።

ዞሬ አየኋት። ግድግዳውን ነው የምታየው።

"የመጀመሪያው ክረምት ልጄ ቆላ ሲወርድ ከእኔ ጋር ነበር የምትተኛው" አለች። "ጆሮ አለኝ እኮ። ጤነኛ ልብ እንደዚያ አይመታም፤ እያነከሰ ነው የሚሄደው። ባሌ በልብ ነው የሞተው፣ ድምፁን አውቀዋለሁ።"

"አውቀሽ ነው ዝም ያልሽው?" አልኳት። ቁጣ ደግሞ መጣብኝ፣ እኔ ነኝ ባለ ቁጣዋ።

"እንዳታፍር ብዬ ነዋ። ደስ ባላት ቀን ራሷ ትነግረኛለች አልኩ። የባሌን ጥርስ ሲነቅሉም አስቀድመው ክኒን ሰጥተውታል፣ እሱንም አውቃለሁ።"

"ታዲያ ያን ቀንስ?"

አሁን ፊቷን መለሰችልኝ። "ያን ቀን አንቺ አብረሽን ስትመጪ፣ ክኒኑን በድብቅ የሰጠሻት መስሎኝ ነበር። እሷን ላለማሳፈር ቦርሳዬን እያየሁ ተቀመጥኩ።"

ሐኪሙ እኔን አየ፣ እሷን አየ፣ ተመልሶ ገባ። ተቆጥቶን ቢሆን እንዴት ደስ ባለኝ። ኮሪደሩ ላይ ሁለት አሮጊቶች ቀረን፣ እናልቅስ ብንል እንኳ ያሳፍራል።

ዘጠኝ ቀን ታገሉላት። በሰባተኛው ቀን ትንሽ ነቃች። ምላሷ ይጎተታል፣ በግራዋ ያለውን ነገር አታይም ነበር። በቀኟ ተቀምጬ ከንፈሯን በእርጥብ ጨርቅ እጠርግላታለሁ። አግላያ ሳህን ይዛ በግራ በኩል ቆማለች።

"አክስቴ" አለችኝ። "ሐኪሙ ልቤ መሆኑን ደረሰበት አይደል?"

"ደረሰበት።"

"ለእማማ እንዳትነግሪያቸው። አደራ።"

አግላያ ሳህኑን እንደያዘች አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች፤ ልትወጣ ነው፣ ያልሰማች ልትመስል። እኔም "እሺ" ልል ከንፈሬ ላይ ደርሷል። ያኔ ነው በሕይወቴ አንዴ አፌን የጠመዘዝኩት።

"ታውቃለች" አልኳት። "ከመጀመሪያው ክረምት ጀምሮ ታውቃለች። ይኸው እዚሁ ናት።"

አግላያ አልጋውን ዞራ በቀኟ መጣች። ክሪስታሎ እስክትለያት ድረስ ብዙ አየቻት።

"ጥርሴ ሲነቀል... ያን ቀንም ያውቁ ነበር፣ እማማ?"

"አውቅ ነበር፣ ልጄ።"

ክሪስታሎ ደህናውን እጇን አንስታ በአንሶላው ጫፍ አፏን ሸፈነች።

"ታዲያ እኔ ማንን ነው የፈራሁት?" አለች።

አግላያ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፣ ፀጉሯን ዳሰሰቻት። እኔ ጨርቁን እንደገና አራስኩ። በማግስቱ ትኩሳቱ ጨምሮ ሰው መለየት አቆመች። ማክሰኞ ዐረፈች። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነበር።

ስቴርጊዮስ የደረሰው ቀብሩ ካለፈ በሁለተኛው ቀን ነው። ጎርፍ የቆላውን መንገድ ዘግቶት መልእክቱ ዘገየበት። ካፖርቱ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ግቢው መሃል ቆመ። እኔና እናቱ በሩ ላይ ነበርን። አላለቀሰም፤ ልቅሶው ገና አልደረሰበትም።

"ምኗን ታማ ነው?" አለን። "ስሄድ ደህና አልነበረች?"

ሁሉንም ነገርነው፣ እኔ ጀመርኩ፣ እናቱ ጨረሰችው። ግን መጀመሪያ እኔና አግላያ ተያየን። ከዚያ ሁሉ በኋላ፣ አፈሯ ሳይደርቅ፣ እንናገር ወይስ ዝም እንበል ብለን ተያየን።